ሦስት ብስክሌት፣ አንድ የመለዋወጫ ሣጥን

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ሦስተኛዋን ብስክሌት ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ጎረቤታችን እማማ በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ልትነግድ ነው እንዴ?» አሉኝ። ኧረ አይደለም እማማ፣ ልነዳቸው ነው አልኳቸው። «ሦስቱንም?» ብለው በሩን ዘጉት።

ጥያቄያቸው ጥያቄ ነው። ሁለት እግር ያለው ሰው ሦስት ብስክሌት ምን ያደርግለታል? አዲስ አበባ ላይ ግን መልስ አለው። ሥራ የምሄድበት መንገድ፣ እሁድ ከከተማ የምወጣበት አስፋልትና የእንጦጦ ድንጋያማ መንገድ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ለአንዱ የተሠራ ብስክሌት ሌላው ላይ ያሰቃያል። መግዛቱ ደግሞ ቀላሉ ነገር ነው፤ ከባዱ ማኖሩ ነው። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ሦስት ብስክሌት ያለው ሰው ሦስት ዓይነት ራስ ምታት አለው። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው፦ ብስክሌቶቹ በአነዳድ ይለያዩ፣ ዕቃቸው ግን በተቻለ መጠን ይመሳሰል።

ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ለሥራ የምነዳት አህያዋ ናት፤ የተጫነችውን ትሸከማለች፣ አታማርርም። ቀጭን ጎማ ያለው ኮርሳው ነው። እንጦጦ የምትወጣው ፍየሏ ናት። ከዚህ በኋላ በስማቸው ነው የምጠራቸው።

1. አንድ ወር የነዳችሁትን ጻፉ

ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት ደብተር ግዙ። ወይ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ለአራት ሳምንት፣ በነዳችሁ ቁጥር ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የት ሄዳችሁ፣ መንገዱ ምን ይመስል ነበር፣ ምን አስቸገራችሁ። አንድ መስመር ይበቃል።

የእኔ የመጀመሪያ ወር እንዲህ ይላል፦ 17 ቀን ሥራ፣ 3 እሁድ በሰንዳፋ በኩል፣ 1 ቀን እንጦጦ። ከዚያ ወር በፊት ብትጠይቁኝ «እኔ የተራራ ነጂ ነኝ» ብዬ እምል ነበር። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ገደል የሚዘሉ ፈረንጆች ሳይ እያመሸሁ ራሴን ከእነሱ ቆጥሬ ኖሯል። ደብተሩ አሳፈረኝ፣ ገንዘቤን ግን አዳነልኝ። መጀመሪያ ማስተካከል የነበረብኝ የሥራዋን ብስክሌት ነበራ።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የ«መንገድ ለሰው» እሁድ ከቁጥር አታስገቡት። መኪና በሌለበት ሰፊ አስፋልት ላይ የማይመች ብስክሌት የለም።

2. ከሁለተኛ ብስክሌት በፊት ሁለተኛ ጎማ

ከተማው ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ ብስክሌቶች የተራራ ዓይነት ናቸው፤ ጎማቸው ጥርሳም፣ ወፍራም። ያ ጥርስ ለጭቃና ለኮረት ነው። አስፋልት ላይ ግን እንደ ንብ «ዝዝዝ» እያለ ጉልበታችሁን ይበላል። ጥርሳሙን አውጥታችሁ ለስላሳና ቀጠን ያለ ጎማ ብታስገቡ፣ ለምሳሌ 26 በ1.5፣ ሌላ ብስክሌት የገዛችሁ ነው የሚመስላችሁ። እኔ ይህን አድርጌ ዓመት ሙሉ በአንድ ብስክሌት ኖሬያለሁ። ለብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩ ያልቃል፣ ቢያልቅም ጥሩ ነው።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። በትልቁ የተጻፈውን ኢንች ብቻ አትመኑ። አጠገቡ በትንሹ 50-559 የሚል ዓይነት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፣ ዋናውም እሱ ነው። 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት 559 ነው። 27.5 ደግሞ 584። 29 ኢንችና ኮርሳ ላይ 700 ተብሎ የሚጻፈው ሁለቱም 622 ናቸው፤ ስማቸው ይለያያል እንጂ ቸርኬያቸው አንድ ነው። የድሮዎቹ ጥቁር 28 ቁጥር ብስክሌቶች ጎማ፣ 28 በ1½ የሚለው፣ 635 ነው።

ይህን ለምን አረዘምኩት? 28ም ያው 700 ነው ብዬ ለኮርሳው የ635 ጎማ ገዝቼ ገብቼ ስለማውቅ ነው። 13 ሚሊ ሜትር ምን አላት ትላላችሁ። ጎማው ቸርኬው ላይ እንደ ሰፊ ቀለበት ይዞራል። ሻጩ የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

3. የትኛው ሁለተኛ ይሁን?

ደብተራችሁን ክፈቱ። ሁለተኛ የሚሆነው፣ አሁን የምታደርጉት ነገር ሆኖ ያላችሁ ብስክሌት የሚያበላሽባችሁ ነው። ወደፊት ለመጀመር ላሰባችሁት ነገር አትግዙ። ለዚያ ተዋሱ፣ ወይ ተከራዩ።

አህያዋ። ለሥራ የሚነዳ ብስክሌት ሦስት ነገር ይኑረው፦ ጭቃ መከላከያ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ የማያምር መልክ። ሦስተኛውን እየቀለድኩ አይደለም። ውጭ ታስራ የምትውል ብስክሌት ማማር የለባትም። የእኔ ቀለሟ ተላልጧል፣ መቀመጫዋ በፌስታል ተሸፍኗል፣ እስካሁን ማንም ዓይኑን አልጣለባትም። ለጥበቃው ጋሼ አልፎ አልፎ ሻይ ማለትም አይረሳ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ አንዳንድ ዋና መንገዶች የብስክሌት መስመር አግኝተዋል፣ ተመስገን። መስመሩ ሲያልቅ ግን የምታውቁት ከተማ ይመጣል፦ ጉድጓድ፣ ድንገት የሚቆም ሚኒባስ፣ የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ። ፍርግርጉ ክፍተቱ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ከሆነ ቀጭን ጎማ ይውጣል፣ ነጂው በመሪው ላይ አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ኮርሳ ይዛችሁ ሥራ አትሂዱ የምለው። ጎማው ከ38 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን፣ በተረፈ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ኮርሳው። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፣ እሽቅድምድም ማለት ነው። ፍሬንም፣ ቸርኬም፣ ካላማዳሪያም፣ ጎሚስታም ከዚያው መጥተው ቀሩ፤ ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሰማ ጣልያናዊ ግማሹ ይገባዋል። ኮርሳ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እነ ገረመው ደንቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ነድተዋል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ኮርሳ ስትገዙ ከሁሉ በፊት የማርሹን ጥርስ ቁጠሩ። ከተማችን ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል፣ ከየትም ተነስታችሁ ወደ የትም ብትሄዱ ዳገት አለ። ያገለገሉ የድሮ ኮርሳዎች ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ትንሹ ማርሻቸው 39 ጥርስ ነው፣ ከኋላ ትልቁ 23። ፔዳሉን አንድ ዙር ስትረግጡ የኋላው ጎማ 1.7 ዙር ይዞራል፤ ይህም በአንድ እርግጫ 3.6 ሜትር ገደማ ነው። ኦክስጅን በሳሳበት ቦታ፣ ዳገት ላይ፣ ይህ ልምድ ላለው እሽቅድምድመኛ ነው። ፊት 34፣ ኋላ 32 ከሆነ ግን በአንድ እርግጫ 2.2 ሜትር ነው የምትሄዱት። ቀስ ትላላችሁ፣ ግን ትወጣላችሁ፣ ጉልበታችሁም አይጮህም። ለመጀመሪያ ጉዟችሁ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ሰንዳፋ ድረስ ሄዶ መመለስ ጥሩ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ውጡ፣ የጭነት መኪናው ሳይበዛ።

ፍየሏ። ስለዚች ብዙ አልልም። ለድንጋይና ለአቧራ ናት። የፊት አሞርታይዘሯ የሚሠራ፣ ፍሬኗ የሚይዝ ከሆነ ሌላው ጌጥ ነው። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ከሆነ ግን ዘይቱን የሚቀይርላችሁ ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የሺማኖ (የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች) ፍሬን ማዕድን ዘይት ነው የሚወስደው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት ካስገባችሁበት ጎሚኒውን ይበላዋል። ይህ ሁሉ ጣጣ ከከበዳችሁ በሽቦ የሚሳብ ዲስክ ግዙ። እኔ የገዛሁት እሱን ነው፤ እንጦጦ ላይ ቢበላሽ በአንድ ቁልፍ አስተካክዬ እወርዳለሁ።

4. ያገለገለ ስትገዙ

አዲስ መግዛት የሚችል ይግዛ። እኛ ግን ያገለገለ ነው የምንገዛው፣ ስለዚህ ማስመሪያና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ አካሉን እዩ። ብየዳው ያለበትን ቦታ፣ በተለይ ከመሪው በታች ቱቦዎቹ የሚገናኙበትን፣ በባትሪ አብሩበት። ቀለሙ የፀጉር ክር በመሰለ መስመር ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ ተዉት፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ተዉት። ቀጥሎ መቀመጫውን ከፍና ዝቅ አድርጉ። ዘንጉ ዝጎ ከተጣበቀ ብስክሌቱ ቁመቱ ለእናንተ ካልሆነ አይስተካከልም ማለት ነው። ከዚያ ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩና ከፍሬኑ ላስቲክ ጋር ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፤ ግራ ቀኝ የሚል ከሆነ ሽቦው ላልቷል፣ ይሠራል፣ ዋጋ ግን ይቀንሱ።

ማስመሪያው ለካቴናው ነው። የማስመሪያውን ዜሮ የአንዱ ፒን መሃል ላይ አድርጉና ከእሱ ቀጥሎ 24ኛው ፒን መሃል ድረስ ለኩ። አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.6 ከደረሰ ካቴናው ይቀየራል። 30.8 ካለፈ የኋላው ጥርስም አብሮ ተበልቷል፤ አዲስ ካቴና ብትገጥሙለት ዳገት ላይ እየዘለለ ያዋርዳችኋል። ሻጩ ማስመሪያ ሲያይ ዋጋው ራሱ መቀነስ ይጀምራል፣ ሞክሩት።

ውጭ ያለ ዘመድ «ብስክሌት ላምጣልህ» ካለ አመስግኑና ዕቃ ጠይቁት። ሙሉ ብስክሌት ከነካርቶኑ ለእሱም ሻንጣ ነው፣ ለእናንተም ኤርፖርት ላይ ወሬ ነው። ሁለት ካቴና፣ አራት ጥንድ የፍሬን ላስቲክ፣ ጥቂት ካላማዳሪያ ግን ካልሲ መሃል ይገባል። የምትፈልጉትን ቁጥር ከነፎቶው ላኩለት። «የብስክሌት ካቴና» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ ባለ 12 ማርሽ ይዞ ይመጣል፣ እናንተ ያላችሁ ባለ 8።

5. ዕቃውን አመሳስሉ

ዋናው ይህ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ካቴና፦ ከኋላ 6፣ 7 እና 8 ማርሽ ያላቸው ብስክሌቶች አንድ ዓይነት ካቴና ይጠቀማሉ። 9፣ 10፣ 11 ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው አላቸው፣ ማርሹ በበዛ ቁጥር ካቴናው ይቀጥናል። የእኔ ሦስቱም ባለ 8 ናቸው። ባለ 11 ማርሽ ኮርሳ በጥሩ ዋጋ ቀርቦልኝ እያማረኝ ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ለእሱ ብቻ ሌላ ሣጥን መክፈት ነበረብኝ። አሁን አንድ መለዋወጫ ካቴና ለሦስቱም ይሆናል። የበለጠ ደስ የሚለው ደግሞ ባለ 8 ማርሽ ሺማኖ ሲሆን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የተራራውም የኮርሳውም የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ሽቦ የሚስቡበት ልክ አንድ ነው። የእኔ ኮርሳ ባለ 32 ጥርሱን የሚችለው የፍየሏ ዓይነት ረጅም መቀየሪያ ስለገጠምኩለት ነው። ያየው ሁሉ ይስቃል። እኔም ዳገቱን እወጣለሁ።

ቫልቭ፦ ወፍራሙ የመኪና ዓይነት ነው፣ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ቀጭኑ ኮርሳ ላይ የሚገኘው ነው፣ ጎሚስታው አይቶ ይመልሰዋል። ቀጭኑን ወደ ወፍራም የሚቀይር ጥፍር የምታክል የነሐስ ማያያዣ አለች፤ አንዷን ቫልቩ ላይ ጠምዝዛችሁ እዚያው ተዉአት፣ አንዷን ኪስ ያዙ። አህያዋና ፍየሏ በወፍራሙ ይሁኑ። የኮርሳውን ቸርኬ በትሬፓኖ አስፍቼ ወፍራም ቫልቭ ላስገባ እንዳትሉ። ቸርኬው ቀጭን ነው፣ ይዳከማል።

ፔዳልና መቀመጫ፦ ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት። እግርና መቀመጫ የለመዱትን ይወዳሉ።

ሣጥኔ ውስጥ ያለው ይኸው፦ ካቴና፣ የካቴና መፍቻ፣ ለየመጠኑ ሁለት ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ 15 ቁጥር ቁልፍ፣ ግራሶ፣ የካቴና ዘይት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቴና ላይ የምታፈስሱ ሰዎች፣ እባካችሁ። አቧራውን ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ካቴናውን ይሞርደዋል።

6. ሰውነታችሁን አንዴ ለኩ

ጫማ አውልቁና ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ደግፉ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሃል እስከ ላይ አስገቡ፣ መቀመጫ ላይ እንዳላችሁ ያህል ጫን አድርጉት። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጫፍ ያለውን ለኩና በ0.883 አባዙ። 82 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72.4 ይመጣል። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት እምብርት መሃል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ነው። ኮርሳውን በዚህ አስተካክሉ፣ አህያዋንም እንዲሁ። ፍየሏን ቁልቁለት ስትወርዱ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጓት፣ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ መሸሽ እንዲችል።

ከዚያ የመቀመጫው ዘንግ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሰው ተውሶ ዝቅ አድርጎ ሲመልስላችሁ በግምት አትሠቃዩም።

7. የት ይቀመጡ?

ደረጃ ላይ አይሆንም። ጎረቤት ያስቀይማል፣ ሌባም ያስለምዳል።

እኔ ሁለቱን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። የመጀመሪያውን ማንጠልጠያ የመታሁት ብሎኬቱ ላይ ነበር፤ ፊሸር አስገብቼ፣ በብሎን አጥብቄ፣ ኮርሳውን ሰቅዬ ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቤቱ የፈረሰ መሰለኝ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ፊሸሩ የሚነክሰው የለውም። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው፣ ድፍን ከሆነ ኮለኑን አገኛችሁት። ማንጠልጠያው ኮለኑ ወይም የላይኛው ቢም ላይ ይመታ። ቤቱ የኪራይ ከሆነና አከራዩ መብሳት ካልፈቀደ፣ አናጺ ዘንድ ሄዳችሁ ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ የሚይዝ የእንጨት መቆሚያ አሠሩ።

ሲሰቀሉ ካቴናቸው ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ይዙር። ግድግዳው ላይ ካርቶን ለጥፉ። ከሚስቴ ነጠላ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለ፣ አልነግራችሁም።

8. ተራ አውጡላቸው

ብስክሌት ቆሞም ይበላሻል። ጎማው ይተነፍሳል፣ ካቴናው ይዝጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ያዙና ሦስቱንም ንፉ፣ ፍሬናቸውን ጨብጡ፣ የላላ ካለ አጥብቁ። 70 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው ኮርሳው ባለ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከሆነ 80 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ አህያዋ 50፣ ፍየሏ 30 ይበቃቸዋል። ጎሚስታው ሁሉንም ድንጋይ እስኪሆን መንፋት ይወዳል። ፍየሏ ላይ እንቢ በሉት፣ ኮረት ላይ ታንሸራትታችኋለች።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ኮርሳው ይሰቀላል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት አስነክቼ እሰቅለዋለሁ። የክረምቱ ጎርፍ ጉድጓዱን ስለሚሸፍነው በዚያ ወቅት ቀጭን ጎማ ይዞ መውጣት ዕጣ ማውጣት ነው። አህያዋ ክረምቱን ትይዛለች፣ በየሳምንቱ ካቴናዋ ይታጠባል። በጋ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል።

ከክረምቱ ውጪ ሦስት ወር ሙሉ ያልወረደ ብስክሌት ካለ ሽጡት። አያሳዝናችሁ። ስትሸጡት ግን ፔዳላችሁን ፈትታችሁ አስቀሩ፣ የድሮውን መልሱለት። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተጋግዘን 15 ቁጥሩ ላይ ቱቦ ሰክተን ስናጠብቀው አመሸን፤ ብስክሌቱም በመጨረሻ ከአንድ ፔዳሌ ጋር ተሸጠ።